የመልካ ቆሬ በርሜሎች

ጉዲቱ ሰንበታ የአዳራሹን በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የሞተችውን ሕፃን ፊት ነበር።

ፎቶግራፉ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ግማሽ ያህል ሸፍኖ ተሰቅሏል። ቀመሪያ የምትባለው የመልካ ቆሬ ገበሬ ሴት ከመንደሯ ጉድጓድ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከበርሜል በተቆረጠ ጣሳ ውኃ ትቀዳለች። ሕፃን ልጇ ሎሚ በጀርባዋ ታዝላ፣ አንገቷን በእናቷ ትከሻ ላይ አስግጋ ወደ ካሜራው ትስቃለች። ከሥሩ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት «በጋራ ለንጹሕ አካባቢ» የሚል መፈክር ተጽፏል። ከፎቶው በታች አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰው ረጅም ጠረጴዛ ላይ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል።

ጉዲቱ ከበሩ ሳትርቅ ቆማ ቀረች። የሎሚን ለቅሶ የደረሰችው ባለፈው ክረምት ነው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ስታስመልስና ስትንቀጠቀጥ ውላ፣ የሚወስዳት መኪና ሲፈለግ ነው ያረፈችው። ምን እንደገደላት የመረመረ ሐኪም የለም። መንደሩ ግን ያውቃል። ጉዲቱም ታውቃለች።

ዘመኑ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሁለት ነው። ጉዲቱ ናዝሬት ባለው መሥሪያ ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆና ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው። ኩየራ አዳሪ ትምህርት ቤት የለመደችው እንግሊዝኛ ስላላት፣ ፈረንጅ በመጣ ቁጥር አስተርጓሚዋም እሷው ነች። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል ውስጥ ወደሚደረገው ወደዚህ ስብሰባም የተጠራችው እንድትተረጉም ነበር። ከዚያ በፊት ሻሸመኔ አካባቢ ተምች ተነሥቶ ሳምንታት እዚያው ስለከረመች፣ ስለ ዝግጅቱ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በእሷ ነው። ቆቃን አለፍ ብላ በምትገኘው በመልካ ቆሬ መንደር፣ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ውስጡ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የተከማቸ የአንበጣ መርዝ ነበር። አንበጣ በመጣ ጊዜ ከባሕር ማዶ በዕርዳታ ይላካል፤ አንበጣው ሲሄድ የተረፈው እዚያ ይከተታል። በርሜሎቹ ላይ በእንግሊዝኛ «ስጦታ» ተብሎ ተጽፏል። ከጊዜ በኋላ ስጦታው ዝጎ፣ ሆዱ ተነፍቶ ማንጠባጠብ ጀመረ። የሚንጠባጠበውን የበጋው አቧራ ይጠጣዋል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ መንደሩ ጉድጓድ ይዞት ይወርዳል። መጀመሪያ ዶሮዎች አለቁ። ቀጥሎ ፍየሎች። ከዚያ ከጉድጓዱ የጠጡ ላሞች ገና ከገንዳው ሳይርቁ እየወደቁ ቀሩ።

ጉዲቱ ይህን አይታ ዝም አላለችም። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጓድ ተክለሃይማኖትን እጁን ይዛ እስከ መጋዘኑ ወሰደችው። እሱም ያኔ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ «ይሄማ ወንጀል ነው» ብሎ ነበር። ሁለቱ ተቀምጠው ከአንድ የውጭ ፈንድ ዕርዳታ ጠየቁ፤ በርሜሎቹ ተለቅመው እንዲወገዱ፣ መንደሩም ሌላ ጉድጓድ እንዲቆፈርለት። ፈንዱ ሚስተር ሎረንስ የሚባል ሰው ላከ። ካሜራ ይዞ ነበር። ቀመሪያ «ለምን ያነሣኛል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ጉዲቱ «ፎቶውን ያዩ ሰዎች ውኃ ይሰጡናል» ብላ ተረጎመችላት።

ከዚያ ወሬው አዲስ አበባ ገባ። አንድ መጋዘን ለፈንዱ ያንሳል ተባለ፤ ፈንዱ የሚረዳው አገሮች በአንድነት የሚዋዋሉትን ስምምነት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አውሮፓውያን የፋብሪካ ቆሻሻቸውን በመርከብ እየጫኑ አፍሪካ ዳርቻ ይደፋሉ የሚለው ነገር አገሩን ሁሉ አስቆጥቶ ነበር። ጎረቤት አገሮች ተሰባስበው መርዝና ጥራጊ እንዳይገባባቸው የሚከለክል ውል ለመዋዋል ተነሡ። ጉዲቱም ይህንን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር። የመልካ ቆሬ ጥያቄ ተቀዶ በዚያ ልክ እንደገና ተሰፋ። «በርሜሎቹስ?» ስትል «ውስጡ አሉ» አሏት። እሷም አመነች።

አሁን ያመነችው ነገር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይስቅባታል።

ሻይ ሰዓት ላይ ተክለሃይማኖትን በረንዳው ላይ አገኘችው። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ አንጠልጥሏል።

«ያ ፎቶ በማን ፈቃድ ነው የተሰቀለው?» አለችው።

«የፕሮጀክቱ ፎቶ ነው። ሚስተር ሎረንስ ነው አሳትሞ ያመጣው። አያምርም?»

«ልጅቷ ሞታለች፣ ጓድ ተክለሃይማኖት።»

ሲኒውን ወደ አፉ ሲወስድ መንገድ ላይ አቆመው። «የትኛዋ ልጅ?»

«የታዘለችው።»

ሲኒውን ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ያዘነ ይመስላል፤ ምናልባትም አዝኖ ይሆናል። ከዚያ ግራና ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አላወቅሁም። ነፍሷን ይማር። ግን እባክሽ እዚህ አታንሺው። ሦስተኛው ቀን ላይ የመስክ ጉብኝት አለን፤ እንግዶቹ መልካ ቆሬ ይሄዳሉ።»

«ምን ሊያዩ?»

«የተጸዳውን መጋዘን።»

ጉዲቱ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ማን አጸዳው? በምን ገንዘብ?»

«አንቺ ሻሸመኔ ሳለሽ ቀበሌው በዘመቻ አጸዳው። በርሜሎቹ በአግባቡ ተወግደዋል።»

«የት ተወስደው? በዚህ አገር እነሱን የሚያቃጥል ምድጃ የለም። እኔና እርስዎ አይደለንም እንዴ ይህንኑ ጽፈን ገንዘብ የጠየቅነው?»

«ጉዲቱ፣ ስሚኝ። ይሄ ዕርዳታ ለስምምነቱ ዝግጅት ነው። ለስብሰባ፣ ለጥናት፣ ለሥልጠና። በርሜል ለማንሣት የተፈቀደ ነገር የለውም። ስምምነቱ ይፈረም፤ ከዚያ የማንሻው ገንዘብ በሌላ በኩል ይመጣል። መጋዘኑን እንዳለ ብናሳያቸው ግን በእጃቸው ያለውን መያዝ የማይችሉ ናቸው ብለው ዕርዳታውን ለሌላ አገር ይሰጡታል። ከላይም የታዘዘው ይሄው ነው።»

ሚስተር ሎረንስ ፈገግ ብሎ ወደ እነሱ ሲመጣ ጉዲቱ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፤ ለመልካ ቆሬ ምን ታስቧል? ሰውየው ጨዋ ነው። ከልቡ አዳመጣት። «መልካ ቆሬ ልባችንን የነካ ምሳሌ ነው» አላት። «በየአገሩ ስሄድ የማሳየው ያንን ፎቶ ነው። ነገር ግን የፈንዳችን ደንብ ጽዳትን አይጨምርም። አቅም መገንባት ነው ሥራችን።»

«የማን አቅም?»

«የተቋማት» አለ፣ ጥያቄው ግራ እንዳጋባው ሰው።

ጉዲቱ ከምሳ በኋላ ሌላ አስተርጓሚ እንዲተካላት አድርጋ ወጣች። አስፋልቱ ዳር ቆማ ወደ ሞጆ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አስቆመች፤ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ካለው የቲማቲም ሣጥን ጎን አስቀመጣት። ዝዋይን፣ መቂን፣ ዓለም ጤናን ሲያልፉ ሾፌሩ ስለ ጎማ መወደድ ያወራል፤ እሷ አንዱንም አልሰማችም። መልካ ቆሬ መገንጠያ ላይ ወርዳ በእግሯ ወደ መጋዘኑ አመራች።

መጋዘኑ ኖራ ተቀብቷል። በሩ ተከፍቶ ውስጡ ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ አሸዋ ተነስንሷል። የጥበቃው ሽማግሌ ኦቦ ባጫ በበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያስላሉ። ዓመቱን ሙሉ ያስላሉ፤ አልጋቸው ከበርሜሎቹ በአንድ ቀጭን ግድግዳ ብቻ ይለይ ነበር።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ባጫ» ብላ ሰላም አለቻቸው ጉዲቱ። «በርሜሎቹን የት አደረሷቸው?»

ሽማግሌው በከዘራቸው ጠቆሙ። በመጋዘኑና በጉድጓዱ መካከል ያለው መሬት ሰፊ ሆኖ ተደልድሏል፤ አፈሩ አዲስ ነው፤ ላዩ በመጥረጊያ ተጠርጎ የመጥረጊያው ጥርስ ይታያል።

«እዚህ? ከጉድጓዱ በላይ?»

«ሌላ ቦታ ዐለት ነው፣ አይቆፈርም አሉ። ቀበሌው ወንዶቹን ሁሉ አስወጣ። ያልወጣ ስኳርና ዘይት አያገኝም ተባለ። ከእርሻ መልስ በባዶ እጃቸው እያንከባለሉ ጣሉት። የፈነዳም ነበር።» ሳሉ አቋረጣቸው። «እኔም ተው ብያለሁ፣ ልጄ። ተው ማለት ብቻ ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ?»

የቀመሪያ ቤት ከጉድጓዱ ብዙ አይርቅም። ባሏ ሱሩር ከደጃፉ ቁርበት ላይ ጋደም ብሏል። መዳፎቹና ክንዶቹ ፈሳሽ በቋጠረ ቁስል ተሸፍነዋል፤ ዓይኖቹ ቀልተው ያለቅሳሉ። በርሜሎቹ የተቀበሩ ዕለት ሲያስመልስ እንዳደረና ምራቁን መዋጥ አቅቶት እንደነበር ቀመሪያ ነገረቻት። አሁን ቀለል ብሎታል። ክሊኒክ ሄዶ ኪኒን ሰጥተውታል፤ «ምን ነክተህ ነው?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ጉዲቱ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። የመጣችበትን ነገር ከየት እንደምትጀምረው ቸግሯት ቆየች።

«ቀመሪያ፣ ያ ፈረንጅ ያነሣሽን ፎቶ ታስታውሺዋለሽ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ።»

«ላንጋኖ ስብሰባ አለ። ፎቶውን ትልቅ አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።»

ቀመሪያ እጇን ከተደገፈችው የበር መቃን አነሣች። ጉዲቱ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«ሎሚ ትታያለች?»

«ትታያለች።»

«ፊቷ?»

«ፊቷም። ትስቃለች።»

ቀመሪያ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። ሱሩር ከቁርበቱ ላይ ቀና አለ። በዚያ ቤት የልጅቷ ምስል የሚባል ነገር የለም። መንደሩ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው መጥቶ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነበር።

«እኛ እኮ መልኳ እየጠፋብን ነው» አለ ሱሩር። «እኔ ግንባሯን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

«ማየት እችላለሁ?» አለች ቀመሪያ። «ወይስ ለእነሱ ብቻ ነው?»

«ሰዎቹ ከነገ ወዲያ እዚህ ይመጣሉ» አለቻት ጉዲቱ። «የፈለግሽውን ጠይቂያቸው። እኔ እተረጉምልሻለሁ። አንዲት ቃል ሳላስቀር እተረጉምልሻለሁ።»

ናዝሬት ቤቷ ገብታ እናቷንና ሁለት ሴቶች ልጆቿን ስታይ ሊመጣ የሚችለው ነገር በዓይኗ ሄደ። አባቷ የወንጌል ሰባኪ ነበሩ፤ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በየቤቱ በሹክሹክታ ሲዘመር በነበረበት ጊዜ ታስረው ወጥተዋል። እናቷ የተከፈተ አፍ ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ። ነገሩን በሙሉ ነገረቻቸው። እናቷ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና፣ «ዝም ብትዪ በሰላም የምትተኚ ከሆነ ዝም በዪ» አሏት። ጉዲቱ እንደማትተኛ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

በጉብኝቱ ቀን አውቶቡሱና መኪናዎቹ አቧራ እያነሡ መልካ ቆሬ ገቡ። ፊት የሚመራው በዚያው ዕርዳታ የተገዛ አዲስ ቶዮታ ነበር፤ በሩ ላይ የፕሮጀክቱ ምልክት ተለጥፎበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን በሁለት ረድፍ አሰልፎ ያስጨበጭባል። ለእንግዶቹ ሰፊ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ጥግ ላይ ምሳ በትሪ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ድንኳኑ የተተከለው በተደለደለው ቦታ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ ሌላ ሜዳ ቦታ አልነበረም።

ጉዲቱ ይህንን ስታይ ደሟ ፈላ። ተክለሃይማኖትን ፈልጋ «ድንኳኑን ከዚያ ያስነሡ» አለችው። እሱም ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር «አሁን ጊዜ የለም፤ ቦታሽን ያዢ» አላት።

ማይክራፎን አልነበረም። ተክለሃይማኖት ቆሞ በአማርኛ ተናገረ፤ ጉዲቱ ከጎኑ ሆና በእንግሊዝኛ አስከተለች። ስለ ጎረቤት አገሮች ትብብር ተናገረ። ስለ ለጋሾች ተናገረ። ከዚያ እጁን ወደ ነጩ መጋዘን ዘርግቶ፣ «እዚህ ይገኝ የነበረው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በባለሙያዎች ክትትል ወደ ተገቢው ቦታ ተወስዷል» አለ።

ጉዲቱ ቃል በቃል ተረጎመችው። ከዚያ ዝም አላለችም።

«እስከ አሁን የተናገርሁት የኃላፊዬን ቃል ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «የሚቀጥለው የራሴ ነው። ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ እኔም አልነበርሁም። የተወሰደ ነገር የለም። በርሜሎቹ ከእግራችሁ ሥር ናቸው። ወንበሮቻችሁ ያሉት በላያቸው ነው። ጉድጓዱ ያ ነው፤ ከዚህ በታች።»

መጀመሪያ ያልገባቸው ነበሩ። ከዚያ ከፊት የተቀመጡት ጫማቸውን ተመለከቱ። አንዱ እግሩን ከመሬት አንሥቶ የወንበሩ ማገር ላይ አስቀመጠ። ሚስተር ሎረንስ ብድግ አለ፤ የት እንደሚቆም ግን አላወቀም።

ተክለሃይማኖት እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ባይገባውም የሰዎቹን ፊት አይቶ ተረዳ። «ምንድን ነው ያልሽው?» አላት።

«እውነቱን።»

ከጎረቤት አገር ከመጡት ተወካዮች መካከል አኪኒ የሚባሉ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። ከወንበራቸው ተነሥተው «ከየት እስከ የት ነው የተቀበረው?» ብለው ጠየቁ። ጉዲቱ ስትተረጉመው ሱሩር ከሰልፉ ወጣ። እጁ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ከድንኳኑ ምሰሶ ተነሥቶ እስከ ግራሩ ሄደ፤ ከግራሩ ዞሮ በምሳው ጠረጴዛ ሥር አለፈና ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ቆመ። ሰዉ ሁሉ በዓይኑ ተከተለው።

«ሚስተር ሎረንስ» አሉ አኪኒ፣ «ስምምነታችን ከውጭ የሚመጣ መርዝ እንዳይገባ ይከለክላል። ጥሩ ነው። የገባውንስ ማን ያነሣል?»

«እሱ ሌላ ፕሮጀክት ይጠይቃል» አለ ሎረንስ። ፊቱ ቀልቷል። «በጣም አዝናለሁ። እኔ በግሌ… ግን አሁን ባለው ዕርዳታ ውስጥ የማዛውርበት መንገድ የለኝም።»

«ለድንኳኑ ግን ነበረዎት» አለች ጉዲቱ።

ያን ጊዜ ቀመሪያ መጣች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ከሎረንስ ፊት ቆማ በኦሮምኛ ተናገረች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ጉዲቱም ከፍ ሳታደርግ አስከተለች።

«የኔ ስም ቀመሪያ ነው። አስታወስከኝ? ልጄን አንሥተህ ሄድህ። ውኃ ያመጣል ተብዬ ነው የቆምሁልህ። ውኃው አልመጣም፣ ልጄም የለችም። አሁን የምፈልገው ምስሏን ነው። እናንተ ስትሰበሰቡ የምታዩት ሌላ ነገር አታጡም። እኔ ሌላ የለኝም።»

ሎረንስ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ የሚባል ነገር አልቀረም። ምሳውን የነካ የለም። እንግዶቹ አንድ በአንድ ከድንኳኑ እየወጡ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ፤ የሚረግጡትን እያዩ ነበር የሚሄዱት።

ሊቀመንበሩ ግን ተናዶ ነበር። እንግዶቹ ሲሳፈሩ አብዮት ጠባቂዎች ልኮ ሱሩርን አስያዘው፤ ወንጀሉ «አድማ» ነው ተባለ። ጉዲቱ ይህን ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆና አየች። ወረደች። ተክለሃይማኖት «ግቢ፣ ይሄ የአንቺ ጉዳይ አይደለም» ቢላት አልሰማችውም። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ሄዳ መሬት ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ሊቀመንበሩ።

«እሱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። እንግዶቹን የተናገርኋቸው እኔ ነኝ፤ እሱ የተራመደ ብቻ ነው። ማሰር ከፈለጉ እኔን ይሰሩ።»

አኪኒም ወረዱ። ምን እንደሆነ ጠየቁና ሲነገራቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጉዲቱ ጎን አቧራው ላይ ተቀመጡ። ቀመሪያና ሴቶቹ መጥተው ዙሪያቸውን ተቀመጡ። አውቶቡሱ ያለ እሳቸው መሄድ አልቻለም፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሊቀመንበሩ ሲወጣና ሲገባ ቆየ። የውጭ አገር ተወካይ ደጁ ላይ አፈር ተቀምጣ እያለ የበላይ አካል ቢደርስ ምን እንደሚለው አላወቀም። በመጨረሻ ፀሐይ ጠለቅ ስትል ሱሩርን አስወጣው፤ «ለምክር ነው የጠራነው» አለ።

አኪኒ ሲለያዩ ጉዲቱን እጇን ይዘው፣ «በእኔም አገር እንዲህ ያለ መጋዘን አለ» አሏት። «ባለፈው ዓመት አጠገቡ ዛፍ ተክለን ነበር። በቴሌቪዥን ታይቷል።» የሚያፍሩ ይመስሉ ነበር።

ስብሰባው በማግሥቱ እንደተያዘለት ተጠናቀቀ። የመጨረሻው ሪፖርት ስለ መልካ ቆሬ የሚለው «ጠቃሚ የመስክ ጉብኝት ተደርጓል» ብቻ ነው። አኪኒ ያ ዓረፍተ ነገር ካልተለወጠ አልፈርምም ብለው ነበር፤ ሳይፈርሙ ሄዱ፤ የሌሎቹ ፊርማ በቃ። ሁለተኛው ምዕራፍ ዕርዳታ ጸደቀ። እሱም ለሥልጠና ነበር።

ጉዲቱ የፓርቲው ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ተክለሃይማኖት ከጥግ ተቀምጦ ጠረጴዛውን ያያል። አገርን በባዕድ ፊት አዋርደሻል ተባለች። አንዱ ደግሞ «የጴንጤ ልጅ መሆንሽን እናውቃለን፤ ፈረንጅ ማን እንደሚልክሽም እናውቃለን» አላት።

«እኔን ማንም አልላከኝም» አለች። «የላካችሁኝ እናንተ ናችሁ። ደመወዜን የምትከፍሉኝ ሕዝብ መርዝ እንዳይጠጣ እንድጠብቅ ነው። ለአገር የምታፍሩ ከሆነ በተቀበረው እፈሩ እንጂ በተናገርሁት አትፈሩ።»

ወደ ነገሌ ቦረና ተዛወረች። እናቷና ልጆቿ እዚያ የሚኖሩበት ስለሌለ ናዝሬት ቀሩ። ከኮሚቴው ክፍል ስትወጣ ተክለሃይማኖት ኮሪደሩ ላይ ደረሰባትና «ከሥራ ሊያባርሩሽ ነበር፤ እኔ ነኝ ዝውውር ያስደረግሁት» አላት በሹክሹክታ። እንድታመሰግነው የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«በርሜሎቹን ያስወጡ፣ ጓድ ተክለሃይማኖት» አለችው። «ያኔ አመሰግንዎታለሁ።»

ፎቶግራፉን የላከው ሎረንስ ነው። ከሆቴሉ ግድግዳ አስወርዶ፣ ጠቅልሎ፣ በዚያው አዲስ ቶዮታ ናዝሬት ቤቷ ድረስ አስመጣው። አብሮት ምንም ጽሑፍ አልነበረም። ጉዲቱ ከመሄዷ በፊት ወደ መልካ ቆሬ ወሰደችው። ለቤቱ ግድግዳ እጅግ ትልቅ ነበር። ሱሩር በቢላ ዙሪያውን ቆረጠው፤ መፈክሩን ቆረጠ፣ ጉድጓዱን ቆረጠ፣ ጣሳውን ቆረጠ። የቀመሪያ ትከሻና የሎሚ ፊት ብቻ ቀረ። ቀመሪያ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «ጥርሷ መውጣቱን ረስቼው ነበር» አለች።

በዚያ ቀን መንደሩ ሥራ ላይ ነበር። ወንዶቹ የግራር እሾህ እየቆረጡ በተደለደለው መሬት ዙሪያ ያጥራሉ፤ ሴቶቹ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ይደፍናሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሊቀመንበሩ በሩቅ ቆሞ አይቶ ሳይከለክላቸው ሄደ። ከእንግዲህ ውኃ የሚቀዱት ከወንዙ ነው፤ ሩቅ ነው፤ ሴቶቹ በአህያና በጀርባ ያመላልሱታል። ጉዲቱ ነጠላዋን አገልድማ ድንጋይ አቀበለች። ኦቦ ባጫ አልጋቸውን ከመጋዘኑ አውጥተው የወንድማቸው ልጅ ግቢ ውስጥ ገብተዋል፤ ሳሉ ግን አልተዋቸውም።

«ይሄ እሾህ ይበሰብሳል» አሏት ሽማግሌው ሥራውን እያዩ።

«በየዓመቱ ይታጠራላ፣ ኦቦ ባጫ።»

«እኔ የማልኖርበት ዓመት ይመጣል። ልጆቹ ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያውቁ ያርሱት ይሆናል።»

«ንገሯቸው። ሳትሰለቹ ንገሯቸው።»

ነገሌ የደረሰችው አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ አቧራ ለብሳ፣ ደክሟት ነው። የቅርንጫፉ ኃላፊ ደግ ሰው ነበር፤ ሻይ አዘዘላትና እስክታርፍ ድረስ ሥራ እንዳትጀምር ነገራት። እሷ ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«የአንበጣ መድኃኒት የምታስቀምጡበት መጋዘን አላችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

«አለ። ከገበያው ጀርባ ነው። ግን ማንም ገብቶበት አያውቅም፤ ቁልፉም የት እንዳለ እንጃ።»

«እንፈልገው» አለችና ተነሣች።